የእነ ሸጊቱ መዝገብ

ደባርቅ፣ ጥቅምት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአበባየሁ ልጅ ለፀጋው፣

አምላክ ካለህበት አገር ብርድ ይሰውርህ፤ በእንግዳ ሰው ፊት መወደድን ይስጥህ። እኔ በእመቤታችን ጥበቃ ደኅና ነኝ። ላሟም ጎረቤቱም ደኅና ነው። እናትህ ነፍሷን ይማርና፣ የአጎቴ ልጅ ብትሆንም እንደ እህት ነው ያደግነው። ስለዚህ ከሌላ ሰው ከምትሰማው ከእኔ ስማው ብዬ ጻፍኩልህ። ኢንተርኔቱ ከተቋረጠ ስለቆየ፣ ደብዳቤውን እንግዳው የሚባለው የመናኸሪያ ሠራተኛ ጎንደር ወስዶ በፖስታ ይልክልኛል።

ታስሬ ነበር። አትደንግጥ፤ በዋስ ወጥቻለሁ። ክሱ ግን አላለቀም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በፍልሰታ ጾም፣ ነሐሴ 8 ቀን፣ ወደ ዛሪማ በሚወስደው መንገድ ከወዲህም ከወዲያም የታጠቁ ልጆች ሊገናኙ ነው ተባለ። በወዲህም ያሉት የእኛው ልጆች ናቸው፤ በወዲያም ያሉት የእኛው ልጆች ናቸው። ዘጠኝ ሴቶችና ሁለት ወንዶች ሆነን ማልደን ወጣን። ሴቶቹ መቀነታችንን ፈተን አስፋልቱ ላይ ዘረጋነውና ከኋላው ተንበርክከን እግዚኦ አልን። እናት መቀነቷን በተጣሉ ሰዎች መካከል ከጣለች ማንም እንደማይረግጠው ታውቃለህ። እውነትም ማንም አልረገጠውም። መኪኖቹ ቆሙ። አንዱ ልጅ ወርዶ፣ «እማማ፣ አንሡልን እንለፍ» ሲል ሠርካለም፣ «አንተ መጀመሪያ የያዝከውን አውርድ» አለችው። ሠርካለም የዳባት ሰው ናት፤ ምላሷን ካየህ አትረሳትም። ልጁ አላወረደም፤ ግን አፈረና ተመልሶ መኪናው ጥላ ሥር ተቀመጠ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት አንድ ጥይት አልተተኮሰም። ለዚያች ቀን እስከ ዛሬ ጠዋት ጠዋት ተመስገን እላለሁ።

በዘጠኝ ሰዓት መጥተው ወሰዱን። ጣቢያ ስንደርስ የሚመዘግበው ፖሊስ እጁ በፋሻ ታስሮ ነበርና፣ «መጻፍ የምትችል አለች?» አለ። እችላለሁ አልኩ። የሰጠኝ ወረቀት ግማሹ የተቀደደ ነበር። እንደ ደንቡ አብረውን የተያዙትን መሪጌታ መልከ ጼዴቅን አስቀደምኩ፤ ከዚያ በዕድሜ በዕድሜ ጻፍኩ። የራሴ ስም ሲቀር ወረቀቱ አለቀብኝ። ከመሪጌታ በላይ ትንሽ ባዶ ቦታ ስለነበረች እሷ ላይ አስገባሁት። እንግዲህ ወረቀቱን የተቀበለው ጸሐፊ ከላይ ወደ ታች ቆጥሮ አንደኛ ተከሳሽ አደረገኝ። ሕጉ የመጀመሪያውን ሰው ጠርቶ የቀረውን «እነ» ብሎ ያጠቃልላል። መዝገቡ «እነ ሸጊቱ ያርጋል» ተብሎ ተከፈተ። ገበያ ስወጣ እንኳ ሰው «የእነ ሸጊቱ ክስ እንዴት ሆነ?» ይላል። በጣም ነው ያፈርኩት። መሪጌታን ይቅርታ ብጠይቃቸው ሳቁና፣ «ልጄ፣ እኔ አርባ ዓመት ከፊት ቆሜያለሁ፤ ደክሞኛል፤ አሁን አንቺ ቁሚ» አሉኝ።

የተከሰስነው «መንገድ በገመድ በመዝጋትና ያልተፈቀደ ሰልፍ በማድረግ» ነው። መቀነታችን ገመድ ተብሏል።

ምንም አትላክልኝ። አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ፤ ወሬው እናንተ ዘንድ ደርሶ ከሆነ፣ እዚያ ምን ብለው ይጠሩናል?

በገባህበት ሁሉ ደግ ሰው ያግኝህ።
ሸጊቱ ያርጋል


በርን ከተማ፣ ኅዳር 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎት ለእትዬ ሸጊቱ፣

ከልብ የሆነ ሰላምታዬ ይድረስዎ። ደብዳቤዎን በሥራ ሰዓት፣ በምሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ ቤት ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ቆሜ አነበብኩት። ሁለት ጊዜ። አንሶላው ማሽን ውስጥ ቀዝቅዞ አለቃዬ መጣችብኝ። ከዘመድ የመጣ ነው አልኳት፤ ትታኝ ሄደች።

እኔ ፊደል የቆጠርኩት በእርስዎ ቤት ግድግዳ ላይ ከተለጠፈው ጋዜጣ ነው። እርስዎ ራስዎ በዚያው እንደተማሩ እናቴ ነግራኛለች። ስለዚህ እርስዎ ተከሰው እኔ እዚህ አንሶላ እያጠፍኩ ዝም አልልም። ያገር ልጆችን ሰበሰብኩ። አሥራ ስድስት ሆንን። ወሬው እንዳልደረሰ አወቅን፤ ስለዚህ ስም አወጣንላችሁ። ፈረንጅ ስም ለሌለው ነገር አደባባይ አይወጣም። «የደባርቅ አሥራ አንዱ» አልናችሁ። ወረቀት አሳትመናል። በአማርኛም በጀርመንኛም «ጦርነት ተቃዋሚዎቹ የደባርቅ አሥራ አንዱ ነፃ ይውጡ» ይላል። ቅዳሜ ቅዳሜ ፓርላማቸው ፊት ለፊት ያለው አደባባይ ላይ እንቆማለን።

አሁን የሚያስፈልገኝ የሁላችሁም ፎቶ፣ ዕድሜና የልጆች ብዛት ነው። ፎቶው ላይ ቢቻል አትሳቁ።

ያሳደጉኝን እጆች እግዚአብሔር ያሳርፍልኝ።
ልጅዎ ፀጋው


ደባርቅ፣ ታኅሣሥ 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለፀጋው፣

ለልደቱ በሰላም ያድርስህ። ለእኛ ብላችሁ በዚያ ብርድ የምትቆሙትን አሥራ ስድስቱንም በስማቸው ባላውቅ በልቤ እየቆጠርኩ አመሰግናለሁ። ሥራህ ላይ ግን አንሶላ አታቀዝቅዝ፤ ሰው በሥራው ነው የሚከበረው።

ደብዳቤህን ለሁሉም አነበብኩላቸው። ሠርካለም፣ «ዳባት መቼ ነው ደባርቅ የሆነችው? እኔ ዋስ የጠራሁት ከዳባት ነው፤ የመጣሁት በእግሬ ከዳባት ነው፤ ታዲያ ስንሞት ነው ዳባት የምንባለው?» አለች። እኛ ውስጥ ሦስቱ የዳባት ናቸው፣ አንዷ የዛሪማ ናት፣ መሪጌታም ጊች ተወልደው ያደጉ ናቸው። ደባርቅ ስትለን ስድስታችንን ብቻ ነው የጠራኸው። ፎቶውን በተመለከተ፣ ሠርካለም አትሳቂ ስትባል ነው የምትስቀው፤ ሦስት ጊዜ ሞክረን ተውነው።

ሌላም ነገር አለ፤ ሳልነግርህ ብቀር ደስ ባለኝ። ታኅሣሥ 18 ቀን ቀጠሮ ነበረን። ያ ያሳተማችሁት ወረቀት ከእኛ ቀድሞ ችሎት ደርሶ ነበር። እንዴት እንደደረሰ አላውቅም። ዐቃቤ ሕጉ ከፍ አድርጎ ይዞ፣ «ክቡር ፍርድ ቤት፣ ተከሳሾቹ ምህላ ነው ያደረስነው ይላሉ። ውጭ አገር ያሉ ግብረ አበሮቻቸው ግን ተቃዋሚዎች ብለው ሰይመዋቸዋል። ስማቸውን ራሳቸው ሰጥተዋል» አለ። እኛ አገር ተቃዋሚ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለህ።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ይህን የጻፈው ማን ነው?» አለኝ። ዝም አልኩ። እንደገና ጠየቀኝ፤ ዝም አልኩ። ዝምታ ከልጅነቴ የማውቀው ሥራ ነው፤ አልከበደኝም። መሪጌታ ተነሥተው፣ «እኛ ማንንም አልተቃወምን። አማልደናል። አማላጅ ብለህ ብትጽፍ አንከራከርህም» አሉት። ዳኛዋ ይህን ጻፉ መሰለኝ።

ስለ ገመዱም ተጠየቅን። ዐቃቤ ሕጉ ሠርካለምን፣ «መቀነት ከሆነ ርዝመቱ ስንት ነው?» ቢላት፣ «እንደ ወገቡ ነው፣ ጌታዬ» አለችው። ሰው ሳቀ። እሱም ትንሽ ሳቀ፤ ወዲያው ግን «ገመድ» ብሎ ቀጠለ።

ወረቀቱን ብትችል አቁመው። ያጠፋህ አይምሰልህ። ለእኛ ብለህ ነው።

የምሠራውን አውቃለሁ የሚል ልብ ሳይሆን የሚያስተውል ልብ ይስጥህ።
ሸጊቱ


በርን፣ የካቲት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ ሸጊቱ፣

ጤና ይስጥልኝ። የዘገየሁት ሥራ ስለበዛ ነው።

ወረቀቱን አቁመናል። የተረፈውን አቃጠልኩት። ቅዳሜ ዕለት ግን ቆመናል፤ ባዶ እጃችንን።

እትዬ፣ ሥራ ስለበዛ አይደለም የዘገየሁት። አምስት ጊዜ ጀምሬ ቀድጃለሁ። እርስዎ ስሜን ላለመጥራት እዚያ ቆመው ዝም ሲሉ፣ እኔ እዚህ ስም ሳወጣ ነበር። ፎቶ አልፈልግም። ይቅር ካሉኝ አንዲት መስመር ይጻፉልኝ። የምፈልገው ይኸው ነው።

ፀጋው


ደባርቅ፣ የካቲት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለፀጋው፣

ጾሙን በሰላም እንዳስጀመረህ በሰላም ያስፈጽምህ። መስመሯ ይህች ናት፤ አልተቀየምኩህም፤ ይቅር የምልህም ነገር የለኝም። አሁን ይህን ተወውና የምነግርህን ስማ። ለማንም አልነገርኩም።

ጠበቃችን ማዕረግ ባለፈው ሳምንት ቤቴ መጣ። ልጅ ነው፤ ያለ ምንም ክፍያ ነው የቆመልን፤ እናቱን ባርኬያለሁ። ዐቃቤ ሕጉ አንድ ሐሳብ አቅርቧል አለኝ። እኔ፣ «ገመዱን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ፤ ሌሎቹ ተታለው ተከተሉኝ» ብዬ ከፈረምኩ፣ የአሥሩ ክስ ይነሣል። በእኔ ላይ ብቻ ይፈረዳል። ሁለት ዓመት ሊሆን ይችላል አለ። ማዕረግ ሲነግረኝ ዓይን ዓይኔን አላየኝም። «እኔ እንዲፈርሙ አልመክርም፤ ግን ሐሳቡን የመንገር ግዴታ አለብኝ» አለ።

እኔ ግን ፀጋው፣ ልዋሽህ አልችልም፣ ደስ አለኝ። መሪጌታ ሳላቸው ብሶባቸዋል፤ እስር ቤት ከተመለሱ አይወጡም። የሠርካለም ልጅ የበኩሯን ልትወልድ ነው። የዛሪማዋ እህታችን ባሏ በሽተኛ ነው። እኔ ባል የለኝ፣ ልጅ የለኝ፤ ላሟን ጎረቤት ያልባታል። በአርባ ስምንት ዓመቴ እንዲህ ያለ ነገር በእጄ ገብቶ አያውቅም። አሥር ሰው በአንድ ፊርማ ወደ ቤቱ ይገባል። እግዜር እኔን አስታወሰኝ ብዬ አመሰገንኩ።

አንድ ነገር ብቻ እያሰብኩ አድራለሁ። ከፈረምኩ መዝገቡ ላይ «እነ» ይቀራል። «ሸጊቱ ያርጋል» ብቻ ይሆናል። በፊት ስሜ መቅደሙ ነበር የሚያሳፍረኝ። አሁን ደግሞ ያቺ ትንሽ ቃል ስትሄድ ብርድ ብርድ ይለኛል። ሞኝነት ነው መሰለኝ።

ቀጠሮው መጋቢት 25 ነው። ምን ትላለህ?

ሸጊቱ


በርን፣ መጋቢት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎት ለእትዬ ሸጊቱ፣

ደብዳቤዎ የደረሰኝ ዛሬ ነው። ይህ መልስ ከቀጠሮው ቀድሞ እንደማይደርስ አውቃለሁ። ስልክም ሞከርኩ፤ አይነሳም። ቢሆንም እጽፋለሁ።

አይፈርሙ።

ምክንያቴን ልንገርዎ። ከሦስት ቅዳሜ በፊት ባዶ እጃችንን ቆመን ሳለን አንዲት አሮጊት መጣች። እኔ የምሠራበት ቤት ከሚኖሩት አንዷ ናት፤ አንሶላዋን እኔ ነኝ የማጥበው። «ስለ ማን ነው የቆማችሁት? ስማቸው ማን ነው?» አለችኝ። «እነ ሸጊቱ» አልኳት። በጀርመንኛ ምን ማለት ነው አለች። «ሸጊቱና ሌሎች» አልኩና ወዲያው ተሳሳትኩ አልኳት። ሌሎች አይደሉማ። «እነ ሸጊቱ ቤት» ስንል ሸጊቱና ሌሎች ማለታችን አይደለም። አንዷን ጠርተን ሁሉንም ማለታችን ነው። ብዙ ደከምኩ። ቋንቋቸው ውስጥ አጣሁት። አሮጊቷ በመጨረሻ፣ «እንግዲህ አትተርጉመው፤ እንዳለ በለው» አለችኝ። አሁን አሥራ ስድስታችንም እንዳለ ነው የምንለው። ፈረንጆቹም «እነሸጊቱ» ይላሉ፤ አፋቸው ላይ አንድ ቃል ሆኗል።

እትዬ፣ እውነቱን ልንገርዎ። የመጀመሪያው ረቂቄ «ይፈርሙ» የሚል ነበር። አንዲት ሴት አሥር ሰው አዳነች ተብሎ እንዴት እንደሚወራ አስቤ ነበር። አንብቤው አፈርኩና ቀደድኩት። እርስዎን ለወሬ አልሰጥም።

አይፈርሙ። ወይም ቢያንስ ለአሥሩ ይንገሯቸው።

ልጅዎ ፀጋው


ከማረሚያ ቤት፣ ግንቦት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለፀጋው፣

ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን። ሃምሳው ቀን ስላላለቀ በዚህ ልጀምር። ደብዳቤህ የደረሰኝ ከቀጠሮው በኋላ ነው። ቀድሞ ቢደርስም የምሰማህ አይመስለኝም ነበር። ልፈርም ነበር የሄድኩት። ለማንም አልተናገርኩም። ወረቀቱ በማዕረግ ቦርሳ ውስጥ ነበር።

ዐቃቤ ሕጉ ተነሥቶ፣ «አንደኛ ተከሳሽ ለማመን ዝግጁ ናት፤ የሌሎቹን ክስ አነሣለሁ» አለ። ዳኛዋ ወረቀቱን ተቀብለው ጮክ ብለው አነበቡት። እኔ ይነበባል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ፈርሜ የምሄድ ነበር የመሰለኝ። «ሌሎቹ ተታለው ተከተሉኝ» የሚለው ላይ ሲደርሱ ከኋላዬ ወንበር ተንቀጫቀጨ።

«ክብርት ዳኛ፣ ማን ነው የተታለለው?» አለች ሠርካለም።

«ተቀመጪ» አሏት።

«እቀመጣለሁ። ግን የእኔ መቀነት የእኔ ነው። ከዳባት ታጥቄው መጥቼ በገዛ እጄ ነው የፈታሁት። እሷ ስለ እኔ ወገብ ምን አግብቷት ነው የምትፈርመው?»

ሰው ሳቀ። እኔ ዞር ብዬ፣ «ሠርኬ፣ ዝም በይ፤ ልጅሽ ልትወልድ ነው» አልኳት።

«የምታምጠው እሷ ናት፤ እኔ አይደለሁ» አለችኝ፤ ግን ድምጿ ተሰበረ።

ከዚያ መሪጌታ በመቋሚያቸው ተደግፈው ተነሡ። ሳላቸው እስኪያልፍ ዳኛዋም ጠበቁ። «ይቺ ልጅ እኔን ለማሳረፍ ብላ ነው። እግዜር ይስጣት። እኔ ግን ከ‹እነ› ውስጥ አውጡኝ ብዬ አላመለከትኩም። የምወጣ ከሆነ በእግሬ እወጣለሁ እንጂ በእሷ ጀርባ ታዝዬ አልወጣም» አሉ። ከእሳቸው በኋላ የቀሩት አንድ በአንድ ተነሥተው «እኔም» አሉ። ያቺ የዛሪማዋ፣ ሰላምታ እንኳ ጮክ ብላ የማታውቀው፣ ከሁሉም በላይ የተሰማችው እሷ ናት።

ዳኛዋ ወደ እኔ ተመለከቱ። «የተጻፈው እውነት ነው?» አሉኝ።

ፀጋው፣ ለመዋሸት ነበር የመጣሁት። ሳስበው ከርሜ ነበር። አሥራ አንድ ሰው ቆሞ ሳለ ግን አፌ እምቢ አለኝ። «ገመድ አይደለም። የተታለለም የለም» አልኩ። ማዕረግ ወረቀቱን ወስዶ ለሁለት አጠፈውና ኪሱ ከተተው።

ከዚያ ቀን በኋላ ሠርካለም አላናገረችኝም። ቤቷ ድረስ ዳባት ሄጄ ነበር፤ የለችም አስባለችኝ፤ ድምጿ ግን ከጓሮ ይሰማል። ለፋሲካ ማግሥት ዶሮ በብብቷ ይዛ መጣች። ሳትቀመጥ፣ «እኔን በነፃ ልትለቂኝ ነበር አሉ። ማን ፍቺኝ አለሽ?» አለችኝ። ይቅርታ አድርጊልኝ አልኳት። «ምግብ ከሠራሽልኝ» አለች። ዶሮውን አብረን ሠራን፤ ጨው አበዛሁ፤ ስትነግረኝ ዋለች።

ሚያዝያ 16 ፍርዱ ተነበበ። በሰልፉ ነፃ ብለውናል። መንገድ በመዝጋቱ ጥፋተኞች ተባልን፤ ለእያንዳንዳችን አራት ወር፣ የታሠርነው ተቆጥሮ። ፍርዱ ላይ «ገመድ» የሚል የለም፤ «መቀነት» ይላል። ማዕረግ ይግባኝ እንበል ይላል፤ ይበል። ፍርዱን ትክክል ነው አልልህም። መሪጌታ በዕድሜያቸው ምክንያት ዳኛዋ ቅጣቱን ስለገደቡላቸው ቤታቸው ናቸው። ሌላኛው ወንድማችን በወንዶቹ በኩል ነው። ዘጠኛችን ሴቶቹ አንድ ክፍል ነን።

የሠርካለም ልጅ ወንድ ወለደች። ባለፈው እሑድ አምጥታ በአጥሩ ቀዳዳ አሳየችን። የዛሪማዋ ባል ቀና ብሏል ተብሎ ተላከልን። እኔ እዚህ የብዙ ሴቶች ወረቀት አነባለሁ፤ ክሳቸውን፣ የልጆቻቸውን ደብዳቤ። እስከ ዛሬ ምንም አትላክ ስልህ ነበር፤ አሁን ግን የቅርብ መነጽር ብትልክልኝ አልጠላም። ያቺን አንሶላ የምታጥብላትን ሴትዮ እንደ እናት ሰላም በላት። አሥራ ስድስቱንም።

አንድ ነገር ነግሬህ ላብቃ። እዚህ ጠዋትና ማታ ስም ይጠራል። ሌሎቹን እስረኞች ጠባቂዋ አንድ በአንድ ትጠራለች። እኛን ግን የዘጠኝ ሰው ስም ማንበቡ ሰለቻት መሰለኝ፣ ከሁለተኛው ሳምንት ጀምራ በሩ ላይ ቆማ «እነ ሸጊቱ» ብቻ ትላለች። እኔ አፌን ሳልከፍት ሠርካለም ቀድማ «አቤት» ትላለች።

ሸጊቱ